የመቐለ ጅቦች፦ ያልተነሣ ጥንብ፣ የዐቢይ ጾምና የከተማ ጽዳት

በኢትዮጵያ ከተሞች ዳርቻ ሲመሽ የጅብ ጩኸት መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። መቐለን ለብቻዋ ልትጠና የሚገባት የሚያደርጋትም በዙሪያዋ ጅብ መኖሩ ሳይሆን፣ ጅቡ ከከተማዋ ቆሻሻ ጋር ያለው ግንኙነት በተለያዩ ጊዜያት በመስክ የተለካ መሆኑ ነው። ጅቡ ምን እንደሚበላ፣ ምን ያህል እንደሚበላና የለመደው ምግብ ሲቀንስበት ወዴት እንደሚዞር በቁጥር ተቀምጧል። እነዚህን ልኬቶች ለየብቻ የሚያነብ ሰው ሁለት የተራራቁ ድምዳሜዎች ላይ ሊደርስ ይችላል፤ በአንደኛው ጅቡ ደመወዝ የማይጠይቅ የጽዳት ሠራተኛ ነው፣ በሌላኛው ደግሞ የድሃ አህያ የሚጨርስ አውሬ ነው። ጎን ለጎን ሲነበቡ ግን የጅቡ ጥቅምም ጉዳትም ከአንድ ምንጭ፣ ማለትም ሳይነሣና ሳይቀበር ከሚቀረው የእንስሳት ጥንብና የእርድ ተረፈ ምርት እንደሚቀዳ ይታያል። ስለዚህ ቆሻሻውን ለማንሣት የሚወጣ ማንኛውም ዕቅድ ጅቡ በማግስቱ ምን ይበላል ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል፤ የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው።

ጉዳዩ ከሐረር ጋር መምታታት የለበትም። በሐረር ጅብ በሰው እጅ ይመገባል፤ ልማዱ የታወቀ፣ ባለቤት ያለውና ጎብኚ የሚያየው ነው። በመቐለ ግን ጅብን ልመግብ ብሎ የተነሣ የለም። ገበታው የተዘረጋው ማንም ሳያስበው ነው።

መሬቱና ገበታው

መቐለ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 215,914 ነዋሪዎች ተመዝግበውባት ነበር፤ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ 310,000 ያህል ሰውና 120,000 ያህል የቤት እንስሳ ይዞ አስልቷል። ዙሪያዋ በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ ጎርፍ የቦረቦራቸው ፈፋዎች፣ የድንጋይ ክምሮችና ትንንሽ ዋሻዎች ሞልተውታል። ከዚህ ሌላ፣ በትግራይ ባለፉት አሥርት ዓመታት የተራቆቱ ተራሮችን ከሰውና ከከብት ንክኪ ከልሎ እንዲያገግሙ የማድረግ ሥራ በስፋት ተሠርቷል። ቁጥቋጦ መልሶ የለበሰው ኮረብታ ለአፈሩና ለውኃው የሠራው በጎ ሥራ የታወቀ ነው፤ እግረ መንገዱን ግን ለጅብ የቀን መዋያ ሆኗል።

መዋያው ተገኘ ማለት ግን ምግቡ ተገኘ ማለት አይደለም። የትግራይ ደጋ ለሺህ ዓመታት የታረሰ መሬት ነው፤ ጅብ በሌላው የአፍሪካ ክፍል አድኖ የሚኖርባቸው ትልልቅ ሣር በል የዱር እንስሳት እዚህ የሉም ማለት ይቻላል። በሰሜን ኢትዮጵያ ጅቦች ላይ ለዓመታት የሠሩት የመቐለ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው የጅብ ዓይነ ምድር ሰብስበው በመረመሩ ቁጥር ያገኙት ከሞላ ጎደል የቤት እንስሳ ፀጉር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በትግራይ ጅቦች የሚሰባሰቡት በከተሞች ቆሻሻ መድፊያዎች ዙሪያ መሆኑን አሳይቷል። በሌላ አነጋገር፣ ይህ ጅብ ጫካው ጠፍቶበት ወደ ከተማ የተሰደደ እንስሳ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ኑሮው ከሰው ኑሮ ጋር ከተሳሰረ ቆይቷል፤ ከተማ ሲያድግና የሚጣለው ሲበዛ እሱም ወደሚጣልበት ተጠጋ።

የሚጣለው ነገር ከየት ይመጣል? አንደኛው ምንጭ እርድ ነው። በቄራም ይሁን በየግቢው ከሚታረድ አንድ በሬ ላይ ሥጋው ከተነሣ በኋላ ደም፣ ፈርስ፣ የማይበላ የሆድ ዕቃ፣ ሸኮና፣ ቀንድና የተጋጠ አጥንት ይተርፋል። የልኳንዳ ቤቶች ተረፈ ምርት በየዕለቱ ይወጣል፤ የበዓል እርድ ደግሞ በአንድ ጀንበር በየሰፈሩ ይከመራል። ገንዳ ባለበት ገንዳው ሞልቶ ይፈስሳል፤ ገንዳ በሌለበት ወደ ቦይና ወደ ፈፋ ይደፋል።

ሁለተኛውና ምናልባትም ለጅቡ የሚበልጠው ምንጭ ከነሙሉ አካሉ የሚጣለው ጥንብ ነው። በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ ሳይታረድ የሞተ እንስሳ በክት ነው፤ አይበላም። የጋማ ከብት ደግሞ ታርዶም አይበላም። በአንዳንድ አገሮች የሞተ እንስሳ ወደ ማቀነባበሪያ ሄዶ ለሌላ ጥቅም ሲውል፣ እዚህ በመንገድ ዳር የወደቀ አህያ ከቆመበት ሰዓት ውጭ ምንም ዋጋ የለውም። ባለቤቱ እግሩን በገመድ አስሮ፣ ሰው ለምኖ ወይም ጋሪ ተከራይቶ እስከ ቅርቡ ፈፋ ይጎትተዋል። ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ደረቅ ቆሻሻ የሚሰበስቡ ሰዎች የሚያነሡት በማዳበሪያ ከረጢት የታጨቀ የቤት ጥራጊ ነው፤ ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሬሳ ለማንሣት መሣሪያውም ተልእኮውም የላቸውም። ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር በኖራ ድንጋይ ላይ የአንድ ቀን ሙሉ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያንን ጉልበት ደግሞ አህያው የሞተበት ሰው ለሌላ ሥራ ይፈልገዋል።

ሲመሽ ሬሳው ላይ መጀመሪያ የሚደርሱት አብዛኛውን ጊዜ ውሾች ናቸው። ቆዳው ጠንካራ ስለሆነባቸው ከለስላሳው ቦታ፣ ከከንፈርና ከጅራት ሥር ይጀምራሉ። ጅብ ሲቃረብ ውሾቹ እየጮኹ ያፈገፍጉና ከሩቅ ሆነው ይጠብቃሉ። ጅቦቹ ሆዱን ይከፍቱታል፤ አንዱ እግር ሲገነጥል ሌላው የሆድ ዕቃ ይዞ ይጎትታል፤ ቀጥሎ የሚሰማው አጥንት ሲሰበር ነው። የጅብ መንጋጋ የትልቅ እንስሳ ጭን አጥንት ይሰብራል፣ ጨጓራው ደግሞ አጥንቱን አሟሙቶ ይጠቀምበታል፤ ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ ኖራ የመሰለ ነጭ የሚሆነውም ከዚህ የተነሣ ነው። የማይፈጨው ፀጉርና ሸኮና ብቻ ነው፤ ይህን አንዳንዴ ያስመልሰዋል፣ አንዳንዴም ከዓይነ ምድሩ ጋር ያወጣዋል። ሲነጋ በቦታው ላይ የሚቀረው ያልተፈለገው የፈርስ ክምር፣ የረጠበ አፈርና ጥቂት የአጥንት ስብርባሪ ነው።

207 ቶን ምን ያህል ነው?

የዚህን ሥራ መጠን በከተማ ደረጃ ለማስላት የሞከረው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ነው። ቺንማይ ሶናዋኔ፣ ጊደይ ይርጋና ኒል ካርተር የሠሩት ይህ ጥናት ሦስት ነገሮችን አያይዟል፤ ጅቦቹን በመስክ ቆጠረ፣ ነዋሪዎችን ስለ ጅቡና ስለ ከብቶቻቸው ጠየቀ፣ ከዚያም የተገኘውን በበሽታ ስርጭት ሞዴል ውስጥ አስገብቶ ጅቦቹ ባይኖሩ ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር አሰላ። ውጤቱ እንደሚለው ጅቦቹ በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ጥንብና ተረፈ ምርት ያስወግዳሉ። በዚህም ምክንያት በሰው ላይ ሊደርሱ የሚችሉ 5 የአባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ሕመሞች፣ በከብት፣ በበግና በፍየል ላይ ደግሞ 140 ያህል ሕመሞች ይቀራሉ፤ የሕክምና ወጪውና የከብት ኪሳራው በገንዘብ ሲታሰብ 52,165 የአሜሪካ ዶላር ይሆናል።

207 ቶን ለ365 ሌሊት ሲካፈል በሌሊት 5 ኩንታል ተኩል ያህል ነው። ይህን ያህል የሚጫን መኪና፣ ነዳጅና የሰው ጉልበት በየሌሊቱ ለመመደብ ለሚቸገር የከተማ አስተዳደር ቁጥሩ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ሌላ ቁጥር እዚያው ጥናት ውስጥ አለ፤ 207 ቶኑ በመቐለ በዓመት ከሚጣለው የእንስሳት ጥንብና ተረፈ ምርት 4.2 በመቶ ብቻ ነው። ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው በሌላ መንገድ ይነሣል፣ ይቃጠላል፣ ይበሰብሳል ወይም ውሻና አሞራ ይቀራመተዋል። ዶላሩም ቢሆን ለ310,000 ነዋሪ ሲከፋፈል ለአንድ ሰው በዓመት 17 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ነው። ይህን የምለው ጥናቱን ለማሳነስ አይደለም። ጅቡ የሚሠራው ሥራ እውነተኛ ነው፤ ከተማዋን የሚያጸዳት ጅብ ነው የሚለው አነጋገር ግን ልኬቱ የማይሸከመው ማጋነን ነው። ጅብ ስላለ ቆሻሻው ቢቀመጥ ግድ የለም ብሎ ለሚያስብ ባለሥልጣን 4.2 በመቶ በቂ መልስ ነው።

ስለ አባ ሰንጋ የሚነሣ አንድ ጥያቄም መታለፍ የለበትም። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ባልተከፈተ ሬሳ ውስጥ መበስበስ ሲጀምር በአብዛኛው ይሞታል፤ ሬሳው ተከፍቶ ደሙ አየር ሲያገኝ ግን ስፖር የሚባል፣ በቀላሉ የማይሞት ጠንካራ ቅርጽ ይሠራና በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል። የእንስሳት ሐኪሞች በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ ሬሳ አይከፈት፣ አይገፈፍ የሚሉት ለዚህ ነው። ጅብ ደግሞ ሬሳ ሳይከፍት አይበላም። የተበላው ሥጋ ከሰውና ከከብት መንገድ ላይ ይነሣል፤ የፈሰሰው ደም ግን እዚያው ይቀራል። ሁለቱ ሲመዛዘኑ ትርፉ ወደ ጽዳት ያደላል የሚለው የሞዴሉ ውጤት ነው፤ ሞዴል ደግሞ የሚያወጣው ካስገቡበት ነው። በእኔ ግምት፣ ጅቡ ለተራው ጥንብ የሚሰጠው ጥቅም አሳማኝ ሲሆን፣ በአባ ሰንጋ የተጠረጠረ ሬሳ ግን ለጅብ ሊተው አይገባም፤ መቀበር ያለበት ሳይከፈት፣ በጥልቅ ጉድጓድ ነው።

ጅቡ ቢጠፋስ ለሚለው ጥያቄ መልሱን ማየት የሚቻለው በሌላ አገር ነው። በሕንድ ዲክሎፌናክ የተባለው መድኃኒት የተሰጣቸውን ከብቶች ሬሳ የበሉ ጥንብ አንሳዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጅምላ ሲያልቁ፣ የተረፈውን ጥንብ የተረከቡት ባለቤት አልባ ውሾች ነበሩ፤ ከውሾቹ መብዛት ጋር የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ መጣ። ጥንብ እስካለ ድረስ በላተኛ አይጠፋም። የሚለወጠው በላተኛው ማን እንደሆነ ነው፤ ውሻ ደግሞ ከጅብ ይልቅ ለሰው ይቀርባል።

55 ቀን

ከዚህ ሁሉ ልኬት ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የዐቢይ ጾም ጥናት ነው። ጥናቱ የተመሠረተበት ሐሳብ ቀላልና ብልህ ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ አብዛኛው ሕዝብ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነው፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አይበላም፤ ልኳንዳ ቤቶች ይዘጋሉ፣ እርድ ወደ ጥቂቱ ይወርዳል፣ የእርድ ተረፈ ምርትም አብሮ ይቀንሳል። የትኛውም ተመራማሪ በገዛ ፈቃዱ አንድ አካባቢ ሙሉ ለሁለት ወር ገደማ ሥጋ እንዳይጥል ማድረግ አይችልም። ጾሙ ግን በየዓመቱ ቀኑ አስቀድሞ ታውቆ ይህንኑ ያደርጋል።

ተመራማሪዎቹ ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከጾሙ በኋላ የጅብ ዓይነ ምድር ሰብስበው ፀጉሩን መረመሩ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል። የደረቀው ዓይነ ምድር ይፈረካከሳል፣ ይታጠባል፣ ፀጉሩ ይለያል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ፀጉር በማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ የላይኛው ቅርፊት አደራደርና የውስጡ አሠራር ከእንስሳ እንስሳ ስለሚለያይ የበግ፣ የፍየል፣ የላም ወይም የአህያ መሆኑ ይታወቃል። የአህያ ፀጉር ድርሻ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ ነበር። በጾሙ ጊዜ 33.1 በመቶ ሆነ። ከጾሙ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ።

ፀጉር ጅቡ አህያውን ገድሎ ይብላው ወይም ሞቶ ያግኘው አይናገርም፤ ሁለቱም ዓይነ ምድር ውስጥ አንድ ናቸው። ዐቢይ ጾም የሚውለው በበጋው መጨረሻ፣ መኖ ባለቀበትና የጋማ ከብት በከሳበት ወቅት መሆኑም ሊረሳ አይገባም፤ በዚህ ጊዜ በራሳቸው የሚሞቱ አህዮች ቢበዙ አያስገርምም። ሆኖም ድርቀቱ ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ የአህያው ድርሻ ክረምቱ እስኪገባ ከፍ እንዳለ መቆየት ነበረበት። የቀነሰው ግን ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔ ዝናቡ ገና አልመጣም፣ ቢላዋው ግን ተመልሷል። ተመራማሪዎቹም ቁጥሩን የተረጎሙት በዚሁ መንገድ ነው፤ ተረፈ ምርቱ ሲጎድል ጅቡ ወደ አህያ አደን ይዞራል።

አህያ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በግና ፍየል በማታ በረት ውስጥ ይገባሉ፣ ላም በግቢ ትታሰራለች፤ አህያ ግን ሲሸከም ውሎ ማታ ደጅ ላይ ይለቀቃል። ለጅብ ከዚህ የቀለለ ነገር የለም። እዚህ ላይ የጥቅሙና የጉዳቱ ክፍፍል ጎልቶ ይታያል። የጅቡ የጽዳት ጥቅም ለመላው ከተማ የተዳረሰ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሲደርስ 17 ሳንቲም ነው። ጉዳቱ ግን በአንድ ሌሊት በአንድ ሰው ደጃፍ ላይ ይወድቃል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ውኃ፣ አሸዋ ወይም እህል በአህያ እያመላለሰ የሚያድር ነው። አህያው ሲበላ የሥራ መሣሪያው ነው የሚበላው፤ የሚጠየቅ አካልም ሆነ የሚከፈል ካሳ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጥናት ከተጠየቁት ነዋሪዎች 72 በመቶ የሚሆኑት ጅቡ ቆሻሻ በማስወገድ ይጠቅመናል ብለው ነበር። ይህ ለጅብ ክፉ ስም በሰጠ ባህል ውስጥ የሚደንቅ መቻቻል ነው። እንዲህ ያለው አስተያየት ግን የተሰጪውን ኑሮ ይከተላል ብዬ እገምታለሁ፤ ግቢው የታጠረ ሰውና አህያውን ደጅ የሚያሳድር ሰው ስለ አንድ እንስሳ አንድ ዓይነት መልስ እንዲሰጡ መጠበቅ አይቻልም። ደጅ የሚያድሩ ሰዎችም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ናቸው፤ ጅብ ጤነኛና ቆሞ የሚሄድ አዋቂ ሰው ላይ እምብዛም ባይደፍርም፣ የተኛ ሰውና ብቻውን የቀረ ሕፃን ግን ያጠቃል።

ቆሻሻው የማን፣ ጅቡስ የማን?

በሕጉ በኩል ጉዳዩ በሁለት መዝገብ ተከፍሏል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ቆሻሻውን በከተማ አስተዳደሮች ትከሻ ላይ ያስቀምጣል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ደግሞ የዱር እንስሳትን በፌዴራልና በክልል አካላት ሥር ያደርጋል። ሁለቱ አዋጆች በአንድ ዓመት የወጡ ናቸው፤ በፈፋው ውስጥ በወደቀው አህያ ላይ ግን አይገናኙም። ለጽዳት ክፍሉ ሬሳው ከገንዳ ውጭ ነው፤ ለዱር እንስሳት ባለሙያው ጅቡ ከፓርክ ውጭ ነው፤ ለእንስሳት ሐኪሙ ደግሞ አህያው ከሞተ በኋላ የሚቀርብለት ጉዳይ የለም። ሦስቱም በየፊናቸው ትክክል ናቸው፤ ሬሳው ግን እዚያው ያድራል።

ከላይ የተጠቀሱት ልኬቶች የሚያሳዩት ከጦርነቱ በፊት የነበረችውን መቐለ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 እስከ ኅዳር 2022 በቆየው ጦርነት የከተማ አገልግሎት ተዛብቷል፣ ነዳጅ ጠፍቷል፣ ተፈናቃይ ሕዝብ ወደ ከተማዋ ጎርፏል። ስለዚህ 207 ቶንም ሆነ 4.2 በመቶ እንደ ዛሬ ቁጥር ሊጠቀሱ አይገባም። የጅቡ ጠባይ ግን ያው ነው፤ ከምግቡ ምንጭ ጋር ያለውም ትስስር አልተለወጠም።

የጾሙ ጥናት ለጽዳት ዕቅድ አውጪ የሚነግረው ነገር በቀጥታ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፤ ቆሻሻን በድንገት ማንሣት ማለት ጅቡን የማያልቅ ጾም ውስጥ ማስገባት ነው። ከተማዋ ነገ ጠዋት ጥሩ ቄራ፣ በቂ ገንዳና የሬሳ ማንሻ መኪና ቢሟላላት፣ ከነገ ወዲያ ማታ በፈፋዎቹ ውስጥ ያሉት ጅቦች ቁጥራቸው አይቀንስም። እንስት ጅብ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ግልገል ትወልዳለች፤ ከዓመት በላይ ታጠባቸዋለች፤ ዕድሜውም ረጅም የሆነ እንስሳ ነው። በምግብ ብዛት ቀስ ብሎ የጨመረ መንጋ በምግብ እጥረትም የሚቀንሰው ቀስ ብሎ ነው፤ በመካከል ያሉትን ዓመታት የሚከፍለው ደግሞ አህያ ነው። ጅቡን በጥይት ወይም በመርዝ ማሳነስ ለአንዳንዶች አቋራጭ መስሎ ይታያል። መርዙን ግን ጥንብ አንሳውም ውሻውም ይበላዋል፤ ጥንቡ እስካልተነሣ ድረስም የተለቀቀውን ቦታ ከዙሪያው የሚመጡ ሌሎች ጅቦች ይይዙታል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ከተለመደው መገልበጥ አለበት ማለት ነው። መጀመሪያ መሠራት ያለበት የአህያ ማደሪያ ነው፤ በድንጋይ የተሠራ፣ በእሾህ ወይም በቆርቆሮ የተጠናከረ፣ አጥሩ ከሰው ቁመት ያላነሰ የጋራ በረት። ይህ ከገንዳና ከመኪና ጋር ሲነጻጸር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድንጋዩም በአካባቢው ሞልቷል። ቀጥሎ ሬሳ የሚጣልበት ቦታ ከመኖሪያ የራቀ፣ የታወቀና የታጠረ አንድ ስፍራ ይሁን፤ በየሰፈሩ ፈፋ የሚጎተተው ሁሉ ወደዚያ ይሂድ፤ በበሽታ የተጠረጠረው ግን ተለይቶ ሳይከፈት ይቀበር። እንዲህ ያለ ስፍራ ለተወሰነ ጊዜ ጅቡን መመገቡ አይቀርም፤ የሚመግበው ግን ሰው ከሚተኛበት ርቆ ነው፣ የሚገባውንም መጠን በየዓመቱ መቀነስ ይቻላል። የልኳንዳና የበዓል እርድ ተረፈ ምርት መሰብሰቡ ከዚህ በኋላ፣ በደረጃ ይከተል፤ አዲሱ የስብሰባ ሥራ የሚጀመርበት ቀን ደግሞ ከዐቢይ ጾም ጋር እንዳይገጥም ይጠንቀቁ፤ ያኔ ሁለቱ እጥረቶች በአንድ ላይ ይወድቃሉና።

ሥራው በትክክል መሄዱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የፀጉር ምርመራው ዘዴ የታወቀ ነው፤ ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ሰው በከተማው ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ዓይነ ምድሩም በየኮረብታው ግርጌ ነጭ ሆኖ ይታያል። በየዓመቱ ከጾም በፊት፣ በጾምና ከጾም በኋላ ተሰብስቦ ቢመረመር፣ ከዚያም በየቀበሌው ከሚመዘገብ የተበላ አህያ ቁጥር ጋር ቢመሳከር፣ የእያንዳንዱ እርምጃ ውጤት በወራት ውስጥ ይታወቃል። ከጾም ውጭ ባሉት ወራት የአህያ ፀጉር ድርሻ በ14.8 በመቶ አካባቢ ከቆየ ቀጣዩ ሰፈር መጨመር ይችላል። ወደ 33.1 መጠጋት ከጀመረ ግን ገንዳው ከበረቱ ቀድሟል ማለት ነው፤ በረቱ እስኪደርስ የገንዳው ሥራ ባለበት ይቆያል።